የአርክ ፍላሽ አደጋ፦ ከመከላከያ ልብሱ በፊት ምን መሠራት አለበት?

የኤሌክትሪክ አደጋ ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው መነዘር ነው። ሰው ኃይል ያለበትን ሽቦ ይነካል፣ ኤሌክትሪኩ በሰውነቱ ያልፋል፣ ይጎዳዋል። በፋብሪካ፣ በማከፋፈያ ጣቢያ ወይም በትልቅ ሕንፃ የኤሌክትሪክ ክፍል ውስጥ የሚሠራ ባለሙያ ግን ምንም ሳይነካ፣ ከፓነሉ አንድ ሜትር ርቆ እንደቆመ ሊቃጠል ይችላል። ይህ አደጋ አርክ ፍላሽ ይባላል። ኤሌክትሪክ በሁለት ባስባሮች (በፓነሉ ውስጥ ኃይል በሚያከፋፍሉ ወፍራም የብረት ዘንጎች) መካከል፣ ወይም በባስባርና በፓነሉ አካል መካከል ያለውን አየር ሰንጥቆ ሲያልፍ የሚፈጠር የእሳትና የግፊት ፍንዳታ ነው።

አየር በተለመደው ሁኔታ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። አንድ ካቻቪቴ ባስባር ላይ ሲወድቅ፣ ፓነል ውስጥ የተረሳ የሽቦ ቁራጭ ሲንከባለል፣ አይጥ ሲገባ ወይም እርጥበት ከአቧራ ጋር ተደባልቆ ኢንሱሌተሩ (ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው መደገፊያ) ላይ ሲጋገር ግን ለቅጽበት ሾርት ይፈጠራል። የነካው ብረት ይተናል፤ በዙሪያው ያለው አየርም ፕላዝማ ወደሚባል እጅግ የጋለ ጋዝ ይለወጣል። ፕላዝማ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያስተላልፍ፣ ሾርቱን የጀመረው ካቻቪቴ ተቃጥሎ ቢያልቅም አርኩ አይጠፋም። የሚጠፋው ከላይ፣ ማለትም ወደ ኃይሉ ምንጭ በኩል፣ ያለ ብሬከር ወይም ፊውዝ ኃይሉን ሲያቋርጠው ነው።

የአርኩ እምብርት ወደ 20,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊጠጋ ይችላል፤ ከፀሐይ ገጽ ሙቀት ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። መዳብ ከጠጣርነት በቀጥታ ወደ ተን ሲለወጥ የሚይዘው ቦታ ወደ 67,000 እጥፍ ያድጋል። በሩን የሚገነጥለው፣ የቀለጠ ብረት የሚረጨው፣ ሰውን ወደ ኋላ የሚወረውረው ግፊት ምንጩ ይህ ነው። ድምፁ ከ140 ዴሲቤል ሊያልፍ ይችላል፤ የጆሮ ታምቡር ይበጥሳል። ከሁሉም በላይ ግን ለከባድ ቃጠሎ የሚዳርገው የሰውየው ልብስ መቀጣጠሉ ነው። አርኩ በሰከንድ ክፍልፋይ ያበቃል፤ የተቀጣጠለ ሸሚዝ ግን እስኪጠፋ ድረስ ሥጋውን ማቃጠሉን ይቀጥላል።

የዚህ አደጋ ሳይንስ ከኤሌክትሪክ ኢንዱስትሪው ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር አዲስ ነው። ራልፍ ሊ የተባለው መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጥናት አርክ ሰውን ከምን ያህል ርቀት ሊያቃጥል እንደሚችል የሚሰላበትን መንገድ አሳየ። በሥራ ቦታ የኤሌክትሪክ ደህንነት ላይ የሚያተኩረው የአሜሪካው ኤንኤፍፒኤ 70ኢ መስፈርት በ1979 ቢወጣም አርክ ፍላሽን ያካተተው በ1995 እትሙ ነው። የስሌቱ ዋና መመሪያ የሆነው አይትሪፕልኢ 1584 በ2002 ወጣ፤ በ2018 ደግሞ ከመሠረቱ ተሻሻለ። እነዚህ ሰነዶች በአሜሪካ ቢዘጋጁም ስሌታቸው ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል።

ሁሉም የሚለኩበት አኃዝ አንድ ነው፤ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ቆዳ ላይ የሚያርፍ 1.2 ካሎሪ ሙቀት። በዚህ መጠን ያልተሸፈነ ቆዳ ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ ማለትም ውኃ መቋጠር ይጀምራል። ከፓነሉ ተነስቶ ሙቀቱ ወደ 1.2 ካሎሪ እስኪወርድ ያለው ርቀት የአርክ ፍላሽ ወሰን ይባላል። ከዚያ ወሰን ውስጥ ያለ መከላከያ መግባት የለበትም፤ ሥራውን የሚሠራው ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ቆሞ የሚያየውም።

ሁሉን የሚወስነው ጊዜው ነው

ብዙ ድርጅቶች ስለ አርክ ፍላሽ ማሰብ የሚጀምሩት ልብስ በመግዛት ነው። ከልብሱ በፊት ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ አርኩ ቢነሳ ስንት ሚሊ ሰከንድ ይቆያል? ሠራተኛው ጋ የሚደርሰው ሙቀት ከጊዜው ጋር በቀጥታ ያድጋል። በ0.1 ሰከንድ 4 ካሎሪ የሚያደርስ አርክ፣ ጥንካሬው ሳይለወጥ 1 ሰከንድ ከቆየ 40 ካሎሪ ያደርሳል።

በቁጥር እንየው። 1,000 ኪሎ ቮልት አምፒር፣ 400 ቮልት፣ ኢምፒዳንሱ (የሾርት ፍሰትን የሚገድበው ውስጣዊ ተቃውሞው) 5 በመቶ የሆነ ትራንስፎርመር አለ እንበል። ሙሉ ጭነቱ 1,443 አምፒር ነው። ከላይ ያለው መረብ ጠንካራ ነው ብለን ብንነሳ፣ በዝቅተኛ ቮልቴጅ ወገኑ ሙሉ ሾርት ቢፈጠር ወደ 28.9 ኪሎ አምፒር ይፈስሳል። አርክ ግን ሙሉ ሾርት አይደለም፤ የራሱ ተቃውሞ ስላለው ፍሰቱን ይቀንሳል። በ2002ቱ የአይትሪፕልኢ ስሌት፣ ባስባሮቹ በ25 ሚሊ ሜትር በሚራራቁበት የተዘጋ ፓነል ውስጥ የአርኩ ፍሰት ወደ 13.7 ኪሎ አምፒር ይወርዳል፤ ከግማሽ በታች ማለት ነው።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ፓነሉን የሚጠብቀው ባለ 1,600 አምፒር ብሬከር ቢሆንና የቅጽበት መቁረጫው (ሳይጠብቅ የሚቆርጥበት የፍሰት ልክ) በ10 እጥፍ ማለትም በ16,000 አምፒር ቢስተካከል፣ 13.7 ኪሎ አምፒሩን እንደ ድንገተኛ ሾርት አይቆጥረውም። አጭር መዘግየት የሚባለው ክፍሉ 0.4 ሰከንድ ጠብቆ ይቆርጣል። በ455 ሚሊ ሜትር ርቀት፣ ማለትም ሰው ፓነል ፊት ቆሞ ሲሠራ ደረቱና ፊቱ በሚሆኑበት ቦታ፣ የሚያርፈው ሙቀት ወደ 19 ካሎሪ ይሆናል። የቅጽበት መቁረጫው ወደ 6 እጥፍ፣ ማለትም ወደ 9,600 አምፒር ቢወርድ ያው ብሬከር በ0.05 ሰከንድ አካባቢ ይቆርጣል፤ ሙቀቱም ወደ 2.3 ካሎሪ ይወርዳል። የአርክ ፍሰት ስለሚዋዥቅ ስሌቱ 15 በመቶ ባነሰ ፍሰትም እንዲደገም ይጠይቃል፤ 11.6 ኪሎ አምፒር ነው፤ አሁንም ከ9,600 በላይ ስለሆነ ብሬከሩ በቅጽበት ይቆርጣል። አዲስ ዕቃ አልተገዛም፤ የተቀየረው የአንድ ማስተካከያ ቦታ ብቻ ነው።

እንግዲህ ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ ይህ ነው፦ ትንሽ የሾርት ፍሰት ማለት ትንሽ አደጋ ማለት አይደለም። ፍሰቱ አንሶ ብሬከሩ ሳይነቃ ከቆየ፣ ከትልቁ ፍሰት የበለጠ ሙቀት ይለቃል። ስለዚህ ስሌት ሲሠራ በከፍተኛው የሾርት ፍሰት ብቻ ሳይሆን በዝቅተኛውም መሠራት አለበት፤ ለምሳሌ መረቡ ጠፍቶ በጄኔሬተር ሲሠራ ያለው ፍሰት።

መቁረጫውን ዝቅ ማድረግ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ከታች ባለ ትንሽ መስመር ላይ ችግር ሲፈጠር ዋናው ብሬከር አብሮ ሊቆርጥና ሕንፃው በሙሉ ሊጨልም ይችላል። መሐንዲሶች መዘግየቱን የሚያስገቡት ለዚህ ነው፤ የታችኛው ቀድሞ እንዲቆርጥ። በዚህ ምርጫ የሚጎዳው ሁልጊዜ ፓነሉ ፊት የሚቆመው ሰው ነው። ሁለቱን የሚያስታርቀው የጥገና ማብሪያ ነው፦ ባለሙያው ወደ ፓነሉ ከመቅረቡ በፊት ማብሪያውን ያዞራል፣ ብሬከሩ መዘግየቱን ትቶ በቅጽበት ይቆርጣል፣ ሥራው ሲያልቅ ማብሪያው ወደ ቦታው ይመለሳል። የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኮድ 1,200 አምፒርና ከዚያ በላይ ለሆኑ ብሬከሮች ይህን ወይም ተመጣጣኝ መላ ያስገድዳል።

አንድ ቦታ ግን በዚህ ሁሉ አይሸፈንም፤ ከትራንስፎርመሩ እስከ ዋናው ብሬከር መግቢያ ያለው ክፍል። እዚያ የሚነሳ አርክን ዋናው ብሬከር ሊያቆመው አይችልም፤ አርኩ የሚነሳው ኃይሉ ወደ ብሬከሩ ከመድረሱ በፊት ነውና። የሚያቆመው በከፍተኛ ቮልቴጅ ወገን ያለው ፊውዝ ብቻ ነው። ከላይ በተሰላው ምሳሌ ያ ፊውዝ የሚያየው ፍሰት ከትራንስፎርመሩ ሙሉ ጭነት ዘጠኝ እጥፍ ተኩል ያህል ብቻ ስለሆነ ለመቅለጥ ጊዜ ይወስዳል። ዋናው ብሬከር ጠፍቷል ተብሎ የዚያው ፓነል ክዳን ሲከፈት የመግቢያው ጫፍ አሁንም ኃይል አለው፤ በፓነሉ ውስጥም ከሁሉ የከፋው ነጥብ እሱ ነው።

ስሌት ሲሠራ አርኩ ከ2 ሰከንድ በላይ አይቆይም ተብሎ ይገመታል፤ ሰው እስከዚያ ይሸሻል በሚል። ግምቱ የሚሠራው መሸሻ ሲኖር ነው። ከኋላው ግድግዳ ላለበት፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ለተንበረከከ ወይም በማንሻ ባልዲ ላይ ለቆመ ሰው አይሠራም።

ማጥፋት፣ መቆለፍ፣ መለካት

የአሜሪካው የሥራ ደህንነት አስተዳደር ኦሻ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ኃይል ያለበት ክፍል ላይ ከመሠራቱ በፊት ኃይሉ ይቋረጣል። በርቶ እንዲሠራ የሚፈቀደው ማጥፋቱ የባሰ አደጋ ሲያመጣ፣ ለምሳሌ የሕይወት ማቆያ መሣሪያ ሲቋረጥ፣ ወይም ሥራው በባሕርዩ ሳይበራ የማይሠራ ሲሆን ነው፤ እንደ መለካትና ብልሽት ፍለጋ። ምርት ይቆማል፣ ሥራ አስኪያጁ ይቆጣል፣ ቅዳሜ መምጣት ያስፈልጋል፣ እነዚህ ምክንያቶች አይደሉም። በተግባር ግን ሰዎች የሚቃጠሉት በአብዛኛው በእነዚህ ምክንያቶች በርቶ በቀረ ፓነል ላይ ነው።

ማጥፋት ሲባል አንድ ማብሪያ መጫን አይደለም። መጀመሪያ ለመሣሪያው ኃይል የሚሰጡ ምንጮች በሙሉ ከወቅታዊው የኤሌክትሪክ መስመር ስዕል ይለያሉ፦ ዋናው መስመር፣ ጄኔሬተሩ፣ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ የሚተካው ባትሪ)፣ የፀሐይ ኢንቨርተሩ፣ ከሌላ ፓነል የሚመጣው የመቆጣጠሪያ መስመር። ስዕሉ ያረጀ ከሆነ ቦታው ላይ ሄዶ መስመሩን መከተል የግድ ነው። ቀጥሎ ጭነቱ ይነሳል፤ ሞተሮቹ ይቆማሉ። ጭነት ላይ እንዳለ ዲስኮኔክት (መለያ ማብሪያ) መክፈት፣ ማለትም መስመሩን ማለያየት፣ ራሱ አርክ ያስነሳል። ከዚያ ማብሪያው ይከፈታል፤ የሚታዩ ምላጮች ካሉት ሦስቱም መለያየታቸው በዓይን ይረጋገጣል፤ ከፓነሉ ተስቦ የሚወጣ ተንሸራታች ብሬከር ከሆነ ሙሉ በሙሉ ወደ ውጭ ይወጣል። ካፓሲተሮች ያጠራቀሙት ኃይል ይለቀቃል፤ የተወጠሩ ስፕሪንጎች ይፈታሉ ወይም ይታገዳሉ። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ቁልፍ በራሱ እጅ ያስገባል፤ ስሙንና ቀኑን የያዘ ካርድ ያንጠለጥላል። የሁሉም ቁልፍ በአለቃው ኪስ ከሆነ ማንም አልቆለፈም።

ከዚያ ልኬት ይመጣል። መለኪያው መጀመሪያ ኃይል እንዳለበት በሚታወቅ ቦታ ይሞከራል። ቀጥሎ የሚሠራበት ነጥብ ይለካል፤ እያንዳንዱ ፌዝ (ኃይል ተሸካሚ መስመር) ከሌላው ጋር፣ እያንዳንዱም ከመሬት ጋር። በመጨረሻ መለኪያው ወደሚታወቀው ምንጭ ተመልሶ አሁንም እንደሚሠራ ይረጋገጣል። ይህን ሦስተኛ እርምጃ የሚዘል ብዙ ነው፤ በመካከል ባትሪው ያለቀ ወይም ሽቦው የተበጠሰ መለኪያ ደግሞ "ዜሮ" ብሎ ይዋሻል። ከሌላ መስመር የሚመጣ ወይም ሳይነካካ በቅርበት ብቻ የሚወረስ ቮልቴጅ የሚያሰጋ ከሆነ ጊዜያዊ የመሬት ሽቦ ይታሰራል። ሽቦው የሚጠበቀውን የሾርት ፍሰት የሚችል ውፍረት ሊኖረው ይገባል።

ልኬቱ እስኪያልቅ ድረስ መሣሪያው ኃይል እንዳለው ይቆጠራል። ስለዚህ ማብሪያ የሚከፍተውም ብሬከር የሚያወጣውም መለኪያ የሚያስገባውም ሙሉ መከላከያ ለብሶ ነው። ማብሪያ ሲከፈት ከበሩ ፊት ለፊት አይቆምም፤ ወደ ጎን ተቁሞ ፊት ወደ ሌላ ይዞራል። በሥራው ሁሉ ከበድ ካሉት ቅጽበቶች አንዱ ብሬከር ከባስባሩ ሲወጣና ሲገባ ነው፤ የመገናኛ ጣቶቹ ከተጣመሙ ወይም ብሬከሩ ሳይከፈት ከተጎተተ አርክ ይነሳል። ብሬከሩን ከ10 ሜትር ርቀት በሞተር የሚያወጣና የሚያስገባ መሣሪያ ያለው ድርጅት ሠራተኛውን ከወሰኑ ውጭ ያስቀምጠዋል፤ ይህን የሚያህል ጥበቃ የሚሰጥ ልብስ የለም።

የመለኪያው ዓይነትም ይገድላል። መልቲሜትር ላይ የሚጻፈው የካት ደረጃ ድንገተኛ የቮልቴጅ ዝላይን የመቋቋም አቅሙን ያሳያል። ለቤት ዕቃ የሚሆን ካት 2 መለኪያ በማከፋፈያ ፓነል ላይ አይገባም፤ እዚያ ካት 3፣ በመግቢያ መስመር ላይ ደግሞ ካት 4 ያስፈልጋል። በጣም የተለመደው ስህተት ግን ሌላ ነው፦ ሽቦው አምፒር መለኪያ ቀዳዳ ውስጥ ተረስቶ ቮልት ለመለካት መሞከር። ያ ቀዳዳ ለኤሌክትሪክ ክፍት መንገድ ነው፤ መለኪያው በሁለት ፌዞች መካከል ሾርት ይሆናል። ውስጡ ያለው ፊውዝ ትክክለኛው ከፍተኛ አቅም ያለው ካልሆነ፣ ወይም አንድ ጊዜ ተቃጥሎ በርካሽ ብርጭቆ ፊውዝ ከተተካ፣ በእጅ ላይ ይፈነዳል።

ልብሱ የት ይገባል?

ልብሱ አስፈላጊ ነው፤ ሁሉም መከላከያ ሲያልፍ የሚቀረው እሱ ነውና። ኤንኤፍፒኤ 70ኢ በአራት ደረጃ ይከፍለዋል፤ 4፣ 8፣ 25 እና 40 ካሎሪ። ደረጃውን ለመምረጥ ወይ ስሌት ይሠራል፣ ወይም ከመስፈርቱ ሠንጠረዥ ይወሰዳል። ሠንጠረዡ ቀላል ስለሚመስል አላግባብ ይነበባል። ለምሳሌ በ600 ቮልት መደብ ያለ የሞተር መቆጣጠሪያ ፓነል ደረጃ 2 የሚሆነው የሾርት ፍሰቱ ከ65 ኪሎ አምፒር ካልበለጠና ከላይ ያለው ብሬከር በ0.03 ሰከንድ የሚቆርጥ ከሆነ ነው። ያው ፓነል ብሬከሩ እስከ 0.33 ሰከንድ የሚወስድ ከሆነ፣ ፍሰቱ 42 ኪሎ አምፒር እንኳ ቢሆን ደረጃ 4 ይሆናል፤ ወሰኑም ከ1.5 ሜትር ወደ 4.3 ሜትር ይሰፋል። የብሬከሩን የመቁረጫ ጊዜ ሳያውቅ ከሠንጠረዡ ልብስ የመረጠ ሰው የሚለብሰው ግምቱን ነው።

በልብሱ ላይ የተጻፈው ካሎሪም ሙሉ ዋስትና ተደርጎ ይወሰዳል። በተለመደው የሙከራ ዘዴ 8 ካሎሪ ማለት በዚያ ሙቀት ከጨርቁ ሥር ያለ ቆዳ ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ የመጀመር ዕድሉ 50 በመቶ ነው ማለት ነው። ስለዚህ 7.9 ለተሰላበት ፓነል ባለ 8 ካሎሪ ልብስ መስጠት የወረቀቱን መስፈርት ያሟላል እንጂ ሰውየውን አያሳርፍም። በዓለም አቀፉ የአይኢሲ መስፈርት ደግሞ ሌላ ሙከራ አለ፤ ልብሱ በሳጥን ውስጥ ለ0.5 ሰከንድ በ4 ወይም በ7 ኪሎ አምፒር አርክ ተፈትኖ ክፍል 1 ወይም ክፍል 2 ይባላል። ክፍሉን ወደ ካሎሪ መመንዘር አይቻልም፤ ግዢ ክፍሉ ሁለቱን እያቀላቀለ እንዳያዝዝ መጠንቀቅ አለበት።

አርክ የሚቋቋም ልብስ በሥሩ ባለ ልብስ ሊከሽፍ ይችላል። ፖሊስተር፣ ናይለንና መሰል ሰው ሠራሽ ጨርቆች ይቀልጡና ቆዳ ላይ ይጣበቃሉ። የውስጥ ልብስና ካናቴራ ጥጥ ወይም ራሱ አርክ የሚቋቋም መሆን አለበት። ከላይ የሚደረበው አንጸባራቂ ሰደርያ ተራ ፖሊስተር ከሆነ የልብሱን ጥቅም ያጠፋል። የተጠቀለለ እጅጌ፣ ያልተቆለፈ አንገት፣ ከቀበቶ የወጣ ሸሚዝ ሙቀቱን ወደ ውስጥ ያስገባሉ። በክሎሪን ማጠብና ማለስለሻ መጨመር ጨርቁን ይጎዳዋል። ዘይትና ቅባት የነካው ልብስ ደግሞ ይቀጣጠላል። ሁለት ልብስ ሲደረብ ካሎሪው እንዲሁ አይደመርም፤ ጥምረቱ አንድ ላይ ተሞክሮ መታወቅ አለበት።

እጅ ከአርኩ በጣም የሚቀርበው አካል ነው። ጎማ ጓንቱ ከመነዘር ያድናል፣ ከላዩ የሚደረበው ቆዳ ጓንት ጎማውን ከመቀደድ ይጠብቃል፤ ሁለቱም አብረው ይለበሳሉ። ክፍል 00 እስከ 500 ቮልት፣ ክፍል 0 እስከ 1,000 ቮልት ያገለግላል። በየስድስት ወሩ በላቦራቶሪ ይፈተናል፤ ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ደግሞ አፉን ጠቅልሎ አየር በመያዝ ቀዳዳ እንደሌለው ይታያል። የፊት ጋሻ ብቻ ማድረግ የጭንቅላቱን ኋላና አንገቱን ይተዋል፤ አርክ የሚቋቋም የጭንቅላት ሽፋን ከሥሩ ይለበሳል፣ ወይም ሙሉ ኮፍያ ይደረጋል። ከሥሩ የዓይን መነጽርና የጆሮ መሰኪያ አይቀሩም።

ከባዱ ልብስ የራሱ አደጋ አለው። ያሞቃል፣ እይታ ያጠብባል፣ በወፍራም ጓንት ትንሽ ብሎን መያዝ ያስቸግራል፤ የወደቀው ብሎንም አርኩን ሊያስነሳው ይችላል። ደግሞም የካሎሪ ደረጃ የሚለካው ሙቀትን ብቻ ነው፤ ግፊቱን፣ የሚወረወረውን ብረትና የሚተነፈሰውን የመዳብ ተን አይመለከትም። 40 ካሎሪ ልብስ መኖሩ ያን የሚያህል ፓነል በርቶ ለመክፈት ፈቃድ ተደርጎ መወሰዱ ከባድ ጥፋት ነው።

ከፓነሉ ጋር የሚሠሩ መፍትሔዎች

የብርሃን መለያ ሪሌይ ዛሬ በጣም ውጤታማ ከሚባሉት አንዱ ነው። ፓነሉ ውስጥ የተዘረጋ የብርሃን ፋይበር የአርኩን ብልጭታ ያያል፤ ሪሌዩ የፍሰቱን መጨመር አመሳክሮ በጥቂት ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ለብሬከሩ ትእዛዝ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ብሬከሩ ራሱ ለመከፈት የሚወስደው ጊዜ ነው። ፍሰት ገዳቢ ፊውዞች ከግማሽ ሳይክል ባነሰ ጊዜ፣ በ50 ኸርዝ ከ10 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ፣ ይቆርጣሉ፤ ነገር ግን የአርኩ ፍሰት ገዳቢ ክልላቸው ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ እንደ ማንኛውም ፊውዝ ቀስ ብለው ይቀልጣሉ። ትራንስፎርመሩን በከፍተኛ ተቃውሞ ከመሬት ማገናኘት የአንድ ፌዝ ወደ መሬት ሾርትን ወደ 10 አምፒር ወይም ከዚያ በታች ስለሚገድብ፣ ብዙ አርኮች ገና ሲጀምሩ ያከስማቸዋል፤ በፌዞች መካከል የሚነሳውን ግን አይነካውም። የኢንፍራሬድ መስኮት ክዳን ሳይከፈት የላሉ መገናኛዎችን በሙቀት ካሜራ ለማየት ያስችላል። አርክ ተከላካይ ፓነል ፍንዳታውን በላይ ወይም በቱቦ ያስወጣል፤ በሩ ከተከፈተ ወይም አንድ ብሎን ካልጠበቀ ግን ተራ ሳጥን ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት የቆመው ብሬከሩ በተባለው ጊዜ ይከፈታል በሚል እምነት ላይ ነው። ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ ብሬከር ቅባቱ ይደርቃል፤ 50 ሚሊ ሰከንድ የተባለው ብዙ እጥፍ ሊሆን፣ ጨርሶ ላይከፈትም ይችላል። የብሬከር ጥገና በጀት ሲቀነስ በፓነሉ መለያ ጽሑፍ ላይ የተለጠፈው የካሎሪ ቁጥር ሐሰት ይሆናል። መለያ ጽሑፉም ያረጃል፤ ትራንስፎርመር ሲቀየር፣ ጄኔሬተር ሲጨመር፣ አንድ ሰው መቁረጫውን በካቻቪቴ ሲያዞር ቁጥሩ ይለወጣል። መስፈርቱ ስሌቱ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ እንዲከለስ ያዛል፤ ለውጥ ካለ ወዲያውኑ።

አዳዲስ መሣሪያዎች ጉዳዩን አክብደውታል። የፀሐይ ኃይል ማመንጫዎች እስከ 1,500 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ያወጣሉ፣ የባትሪ ማከማቻዎች እየበዙ ነው፣ የዳታ ማዕከሎች ደግሞ ለደቂቃም መጥፋት የማይወዱ ናቸው። ተለዋጭ ኤሌክትሪክ በ50 ኸርዝ በሰከንድ 100 ጊዜ በዜሮ ያልፋል፤ አርኩ የመጥፋት ዕድል የሚያገኘው በዚያ ነው። ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ዜሮ የለውም፤ ስለዚህ አርኩ በቀላሉ አይለቅም። ባትሪ ማብሪያው ቢጠፋም ውስጡ ኃይል አለው፤ የፀሐይ ፓነልም ብርሃን እስካለ ድረስ ያመነጫል። የፀሐይ መስመር የሾርት ፍሰት ከመደበኛው እምብዛም ስለማይበልጥ ተራ ፊውዝ ላያየው ይችላል። እነዚህን የሚጠግን ቡድን ባትሪውን በየክፍሉ ነጥሎ ቮልቴጁን የሚቀንስበት፣ የፀሐይ መስመሩን ተከታትለው በተያያዙት ፓነሎች በየሰንሰለቱ የሚለያይበት ቅደም ተከተል በጽሑፍ ሊኖረው ይገባል።

አርክ ከተነሳ በኋላ ደግሞ ኃይሉ ከሩቅ መቋረጡ ሳይረጋገጥ ማንም ወደ ተጎጂው አይሮጥም። የተቀጣጠለ ልብስ ይጠፋል፤ ቆዳ ላይ የተጣበቀ ጨርቅ አይላጥም፤ ቃጠሎው በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ይቀዘቅዛል፤ ቀለበትና ሰዓት ዕብጠት ከመጀመሩ በፊት ይወልቃሉ። ከውጭ ቀላል የሚመስል ተጎጂ ትኩስ ተን ተንፍሶ የመተንፈሻ ቱቦው ሊያብጥ ስለሚችል ወደ ሐኪም መሄዱ አይቀርም፤ ዓይኑና ጆሮውም ይመረመራሉ። ፓነሉን በችኮላ መልሶ ማብራትም አይገባም። የተነነው መዳብና ጥላሸት በኢንሱሌተሮቹ ላይ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ሽፋን ሆኖ ይቀራል። ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ የኢንሱሌሽን ተቃውሞው ካልተለካ ሁለተኛው አርክ የሚነሳው ማብሪያውን በሚያበራው ሰው ፊት ነው።